«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙም ሳልነካካው እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ።

መጀመሪያ፣ ጠዋት ላይ ስላስቀመጡኝ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከምሳ በኋላ በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ስለ ኔትወርክ ላውራ ብል ግማሻችሁ ትተኛላችሁ። እኔም ብዙ አልቆይ፣ እከተላችኋለሁ።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። የኮምፒውተር ጥገና ሰው ነኝ። ከቢሮ ቢሮ በባጃጅ እየዞርኩ «አልከፍት አለ» ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት። ፋይሉ አልከፍት አለ። ፎልደሩ አልከፍት አለ። ትናንት ይከፍት ነበር፣ ዛሬ አልከፍት አለ። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው ሳምንት ለባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ያለ እጁን ያውጣ። አትፍሩ፣ አለቆቻችሁ እዚህ የሉም። እሺ... እሺ... አዩ! ሁላችሁም ናችሁ ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በረንዳው ላይ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጠዋት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ነው የመጡት።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ተቀመጡ?» አልኳቸው።

«ሲስተም የለም አሉኝ፣ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለመሆኑ የት ሄዶ ነው? ዛሬ ይመለሳል?»

ሰው መስሏቸዋል! አቶ ሲስተም!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ገብቼ ሳየው፣ እውነትም አባትየው ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ነበር የጠየቁት። የሳቸው ሰነድ ያለው በጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ ያለው በአንዲት ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሠራተኛዋ ቡና ልትጠጣ ወጥታለች። ኮምፒውተሩ ለግማሽ ሰዓት የሚነካው ሲያጣ ተኛ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲስተሙ የትም አልሄደም፣ ተኝቷል። ኪቦርዱን ነካ አደረግኩት። ስክሪኑ በራ። ሰነዱ ተከፈተ። ባለጉዳዩ ሦስት ሰዓት የጠበቁት ለዚች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው አንድ ነገር ነው። «ሲስተም የለም» አትበሉ። የት እንደተቋረጠ በሉ። ወደ ዘጌ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ላትደርሱ የምትችሉበት ቦታ ብዙ ነው። ዘመዳችሁ ቤት ላይኖር ይችላል። ጀልባ ላይኖር ይችላል። ደርሳችሁ በር ላይከፈትላችሁ ይችላል። ገብታችሁም የፈለጋችሁት ዕቃ ተበላሽቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የጋራ ፋይልም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ፣ መንገዱ፣ በሩ፣ ዕቃው። ዛሬ በነዚህ አራት ላይ ነው የማወራው። በሩ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ስለሆነ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ። ብዕር ያላችሁ ጻፏት። «ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?» ቢሮ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመልስልኝ አላገኝም። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። ለእሱ ከከፈተ ችግሩ ያለው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ወይም በእናንተ ፈቃድ ላይ ነው። ለማንም ካልከፈተ ባለቤቱ ጋ ወይም መንገዱ ላይ ነው። በአንድ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። ገንዘብ አይጠይቅ፣ እውቀት አይጠይቅ፣ አንገት ማዞር ብቻ!

እሺ፣ ባለቤቱ። ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር በርቷል? እንዳይተኛ ተደርጎ ተስተካክሏል? የኃይል ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የመተኛ ሰዓቱን «በጭራሽ» አድርጉት። ስክሪኑ ይጥፋ፣ ግድ የለም። ኮምፒውተሩ ግን አይተኛ።

ሁለተኛው መብራት ነው። በክረምት ሲያንጎዳጉድ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመለስ ራውተሩ፣ ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለኮምፒውተሮቹ የአድራሻ ቁጥር እንደገና ያድላል። ትናንት 15 የነበረው ዛሬ 22 ሊሆን ይችላል። እናንተ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ሾርትከት፣ ወደ ፎልደሩ የሚወስደው አቋራጭ፣ የሚያውቀው 15ን ነው። ቤት የለወጠን ሰው የድሮ ቤቱን በር እንደማንኳኳት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሾርትከቱን በቁጥር ሳይሆን በኮምፒውተሩ ስም ሥሩት። ወይም ባለሙያው ራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ ቁጥር ይያዝለት። የእናንተ ኮምፒውተር ቁጥር ደግሞ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ቁጥር አልደረሰውም ማለት ነው፤ ቁጥሩን ለራሱ የሰጠው እሱው ነው። ያኔ ፎልደሩን ትታችሁ ገመዱን ተከተሉ።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ቢሮው ዩፒኤስ ይገዛል፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን። ደስ ይላል። ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ይሰካል። ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ያችን ትንሽ ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ግን ግድግዳው ላይ! መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሮቹ በርተው ይቀራሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። «ዩፒኤስ እያለን ለምን ተቋረጠ?» ብለው ይደውሉልኛል። ስዊቿንም ዩፒኤሱ ላይ ሰኳት። ለአንድ የስልክ ቻርጀር ያህል እንኳ አትበላም።

ወደ መንገዱ ልሂድ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት የነበረውን ታስታውሳላችሁ አይደል? አሮጌው ድልድይ ላይ አንድ መኪና ከቆመ ወዲህም ወዲያም የለም። ስዊች እንደዚያ ነው። እሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። የእናንተ ገመድ ግን የሰፈር መንገድ ነው፣ ብትበጠስ እናንተን ብቻ ነው የምታስቀረው። ገመዱ የሚሰካበት ጎን ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች? ካላለች ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። አይጥ የበላው ገመድ ስንቴ አግኝቻለሁ መሰላችሁ!

ገመዱ ደህና ሆኖ የማይከፍትም አለ። ራውተር ተቀየረ እንበል። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ያገኘ ይመስለዋል። ካፌ ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ይለዋል። ፐብሊክ ከሆነ ደግሞ ራሱን ይሰውራል፣ ፎልደሩንም ለማንም አያሳይም። ወደ «ፕራይቬት» መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ፋየርዎሉን፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚከለክለውን አጥር፣ ጭራሽ ያጠፋዋል። እባካችሁ! የፋይል መጋራት የሚያልፈው በቁጥር 445 በር ነው። ያችን አንዲት በር ለመክፈት አጥሩን ሁሉ ማፍረስ ምን ይሉታል?

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ተራ ዊንዶውስ፣ ሰርቨር (ሌሎቹን ኮምፒውተሮች እንዲያገለግል የተሠራ) ያልሆነው፣ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 20 ግንኙነት ብቻ ነው። አንድ ቢሮ «ጠዋት ይከፍታል፣ ረፈድ ሲል አይከፍትም፣ መተት ነው» ብለው ጠሩኝ። ሠራተኞቹን ቆጠርኳቸው። ከ20 በላይ ናቸው። ቀድሞ የመጣ ይገባል፣ ያረፈደ ይቀራል። መተት የለበትም። ኃላፊው ግን ወደዱት፤ የሰዓት መቆጣጠሪያ አደርገዋለሁ አሉኝ።

አሁን በሩ። እዚህ ነው የምቆየው ያልኳችሁ።

የጋራ ፎልደር ሁለት በር አለው። ሁለት! አንዱ የግቢው በር ነው፣ «ሼሪንግ» በሚለው ስር የምትሰጡት ፈቃድ። ሌላው የቤቱ በር ነው፣ «ሴኩሪቲ» በሚለው ስር ያለው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት። የግቢውን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ የቤቱን ከቆለፋችሁ እንግዳው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ፎልደሩ ይታየዋል፣ ሲጫነው «ፈቃድ የለህም» ይለዋል። ከሁለቱ የጠበበው ነው የሚሠራው። ይህን ያልገባው ሰው ምን ያደርጋል? ተናዶ «ኤቭሪዋን»፣ «ፉል ኮንትሮል»፣ ለሁሉም ሰው ሙሉ ሥልጣን፣ ብሎ ይለቀዋል። ከፈተ! ሁሉም ያጨበጭባል። ከወር በኋላ አንዱ በስህተት የዓመቱን ሰነድ ሲያጠፋው ማን እንዳጠፋው እንኳ አይታወቅም።

አንድ ሥራ አስኪያጅ ከግል ፎልደራቸው አንድ ደብዳቤ ቆርጠው ወደ ጋራው ለጠፉ። ለሳቸው ይከፍታል። ለሌላው ሰው አይከፍትም። «ምቀኝነት ነው እንጂ እኔ ጋ ይሠራል» ብለው ተቆጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ድራይቭ ውስጥ ቆርጣችሁ ስትለጥፉ ፋይሉ ብዙ ጊዜ የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ኮፒ ስታደርጉ ግን የአዲሱን ቦታ ፈቃድ ይወርሳል። ስለዚህ ወደ ጋራ ፎልደር የምትወስዱትን ኮፒ አድርጉ፤ የድሮውን በኋላ አጥፉት። በዚች ብቻ ስንት ኩርፊያ ይቀራል!

ቁልፉስ? ቁልፍ ማለት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን በአራት አኃዝ የሚከፍት አለ? ፒን የሚባለው? አዎ፣ ብዙ ናችሁ። ያ ፒን የሚሠራው እፊታችሁ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሌላው ኮምፒውተር ሲጠይቃችሁ ፒኑን አሥር ጊዜ ብትጽፉለት አያውቃችሁም። የሚፈልገው ዋናውን የይለፍ ቃል ነው። «እኔ እኮ የይለፍ ቃል የለኝም፣ ባዶ ነው» የሚልም አለ። ዊንዶውስ ባዶ የይለፍ ቃል ያለውን ሰው በኔትወርክ አያስገባም፣ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። የይለፍ ቃሉን የቀየራችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ የድሮውን አስታውሶ እሱን ደጋግሞ እየሞከረ ይሆናል። «ክሬደንሻል ማኔጀር» የሚባል፣ ዊንዶውስ የይለፍ ቃሎችን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ገብታችሁ አሮጌውን ሰርዙ።

አሁን የምወዳትን ታሪክ ላውራ። አንዲት ትልቅ የሒሳብ ሰው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የሳቸው ቢሮ ዋና ሰርቨር አለው፣ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚገባው። አንድ ቀን የጋራው ድራይቭ ለሳቸው ብቻ አልከፍት አለ። ገመዱን አየሁ፣ ደህና። ፈቃዱን አየሁ፣ ደህና። የይለፍ ቃሉ ትክክል። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደቀ። 3፡20 ይላል። ጠዋት ነው፣ እውነትም በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።

«እትዬ፣ ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! ገና በጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እያለ ይዋሸኛል። አስተካከልኩት።»

አያችሁ? ከሰርቨሩ ጋር ስድስት ሰዓት ተለያዩ። የመግቢያ ትኬት የሚሰጠው ከርበሮስ የሚባለው አሠራር በመደበኛው የሚታገሰው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። 5 ደቂቃ! ትኬቱ የስንት ሰዓት እንደሆነ ካላመነ አያሳልፍም። ሰዓቱን የመቀየር መብት ማን ሰጣቸው የሚለው ሌላ ጉድ ነው፣ እሱን እንለፈው። ምን አደረግን? የኮምፒውተሩን መለስንና አጠገባቸው ግድግዳው ላይ በሐበሻ የሚቆጥር ሰዓት ሰቀልንላቸው። የሰዓት ክልል ስትመርጡ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን አትፈልጉ። ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሲደመር 3 ነው፣ የእኛም እሱ ነው።

በሩ ላይ አንድ የመጨረሻ ነገር። ቢሯችሁ ውስጥ ስካን አድርጎ ቀጥታ ወደ ፎልደር የሚልክ የቆየ ፎቶኮፒ ማሽን አለ? አዲስ ኮምፒውተር ስትገዙ መላክ አቆመ? ማሽኑ አልተበላሸም። ኤስኤምቢ አንድ የሚባል የድሮ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ነው የሚናገረው። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን ቋንቋ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አብሮ አይጭነውም። ለምን? በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በእኛ በ2009 መሆኑ ነው፣ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የሚገርመው መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ብዙው ሰው አልጫነውም። ስለዚህ «ኤስኤምቢ አንድን መልሰህ አብራልኝ» ስትሉኝ እሺ አልልም። ለማሽኑ አዲስ ሶፍትዌር ካለ እንጫንለት፣ ከሌለ በፍላሽ ይላክ። አዎ፣ ፍላሽ እንደምጠላ ታውቃላችሁ። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያልቀመሰ እዚህ የለም። ቢሆንም ከዚህኛው ይሻላል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። ዕቃው ራሱ፣ ፋይሉ። በሩን አልፋችሁ ገብታችሁ፣ ፋይሉ ግን «ሌላ ሰው እየሠራበት ነው» ይላል። የደመወዝ ኤክሴል ነው፣ ቀኑ 30 ነው። ማነው የከፈተው? ከፍቶት ለቅሶ ሄዷል። ይህ ስንት ጊዜ ደርሷል! ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ባለሙያ ገብቶ ክፍት ፋይሎችን ማየትና መዝጋት ይችላል። ግን መጀመሪያ ደውሉለት። ያላስቀመጠው ሥራ ካለ አብሮ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲዘጋ ስሙ በሞገድ ምልክትና በዶላር የሚጀምር የተደበቀ ትንሽ ፋይል ተረስቶ ይቀራል። ማንም አለመክፈቱን አረጋግጣችሁ እሱን ማጥፋት ይቻላል።

ስም ስታወጡ ቀኑን በእዝባር አትጻፉ፣ 12/3/2017 ብላችሁ። ዊንዶውስ ያንን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ በአግድም ሰረዝ ጻፉት። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ «የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ የመጨረሻ የተስተካከለ» እያላችሁ ስትሄዱ አድራሻው ከ260 ፊደል ያልፍና ብዙ ፕሮግራም አልከፍትም ይላል። ለምን አጭር ስም እንደምንፈራ አላውቅም።

ፊደላችንስ? ይህን ፈረንጅ አይነግራችሁም። አንዷ «ሠራተኛ» ብላ ፎልደር ትከፍታለች። ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፋይሉ ጠፋ» ብለው ሲደውሉልኝ አንዳንዴ የጠፋው ንጉሡ ሠ ነው። ቢሯችሁ ተስማምቶ አንዱን ይምረጥ።

ደግሞ የድሮ ሰነዶች አሉ። ትከፍቱታላችሁ፣ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣል። «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳታጠፉት! የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች በሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች፣ የራሳቸው የፊደል ቅርጽ ባላቸው፣ ነበር የሚጻፈው። ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ፋይሉ ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስንት የመዝገብ ቤት ሰነድ በዚህ ምክንያት ተሰርዟል ብዬ ሳስብ ያመኛል።

ይኸው ነው። አሁን የሻይ ሰዓት ነው። ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ ያላችሁ ክፈቱና ጠብቁኝ። በየጠረጴዛው እየዞርኩ መጀመሪያ የማየው ሰዓታችሁን ነው። ናይሮቢ የማይል ካገኘሁ፣ ቡናውን የሚጋብዘኝ እሱ ነው።